አመዳሞቹ ናቸው የሚጮኹት

ሊዲ የደወለችው በሐምሌ አጋማሽ ነው። ሊዲ ልጃችን ናት፤ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ትሠራለች። እናቷም እንድትሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ለገና እመጣለሁ» አለች። «ስመለስ እማዬን ይዣት እሄዳለሁ። ክፍሉን አዘጋጅቻለሁ፤ ቀን ቀን አብራት የምትውል ሴትም አግኝቻለሁ። አባዬ፣ አንተም ብትመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አትመጣም፣ አውቅሃለሁ።»

እንቁ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እኔ ስልኩን አየሁ።

«ኧረ አንድ ነገር በሉ» አለች ሊዲ።

«ለገና ገና ነው» አልኩ።

ሊዲ ሳቀች። መልስ እንዳልሆነ ግን ሦስታችንም አውቀነዋል።

እንቁ ባለቤቴ ናት። ዓይኗ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችሁ መጣችሁ አለን። ከዚያ በፊት እዚሁ አዳማ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቦምቦሊኖ ትሸጥ ነበር። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የውኃ ፓምፕ ጠባቂ ነበርኩ። ሥራዬ ማየት ነው። የግፊቱ መርፌ ቀዩ ጋ ሲደርስ ቫልቭ እዘጋለሁ፣ ክሎሪን እመጥናለሁ፣ ሰዓቱን ጽፌ እፈርማለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የግፊት መርፌ ሳይ ኖሬ የእሷን ዓይን ግፊት አላየሁም።

ሥራው ንግግር አይጠይቅም ነበር። ቤትም እንደዚያው ኖርኩ። ስንጋባ እሷ ሃያ ዓመቷ፣ እኔ ሠላሳ ሦስት ነበርኩ። እንደ ታላቅ አክብራ «እርስዎ» አለችኝ፤ አርባ ሦስት ዓመት በዚያው ቀረ። ልጄ አንተ ትለኛለች፣ እናቷ እርስዎ። እኔ ደግሞ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። «አንቺ» እላለሁ፤ ትሰማለች።

ሊዲ ያለችው ሁሉ ትክክል ነበር። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ለማያይ ሰው ይከብዳል። እኔም ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ስለዚህ «አትሂጂ» የሚለውን ቃል ከየት እንደማወጣው አላወቅሁም። ብትሄድ ግን ጠዋት ተነስቼ ለምን እንደምለብስ አላውቅም ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ። እንቁ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ ውጭ አዘንብላለች።

«እዚህ ቤት ዝናብ እንጂ ክረምት የለም» አለች።

«እንዴት?»

«እንቁራሪት ሳይጮኽ ክረምት ይባላል?»

እውነቷን ነው። የድሮው ቤታችን ቆላማው ሰፈር፣ ከቦዩ አጠገብ ነበር። ክረምት ሲገባ እንቁራሪቶቹ መስኮታችን ሥር ይጮኹ ነበር። ቤቱ ለመንገድ ፈረሰና ወደዚህ መጣን። እሷ ደግሞ የቆቃ ልጅ ናት፤ ያደገችው ሐይቁ ዳር ነው። ያን ድምፅ ተኝታበት ነው ያደገችው።

ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን ሌሊቱን አሰብኩበት።

በማግስቱ የቦምቦሊኖ ሣጥኗን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። በአራቱም ጎን መስታወት ነው፣ ማዕዘኑ አሉሚኒየም፣ ከኋላ ተንሸራታች በር አለው። የዘይት ሽታው አልለቀቀውም። በአመድና በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ሳሙና አላስነካሁትም።

«ሣጥኔን ምን እያደረጉት ነው?» አለች ከመኝታ ቤት።

«እያጠብኩት ነው።»

«ሊሸጡት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ታያለሽ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አቃጠለኝ።

«አላይም» አለች፣ ሳትቆጣ። «ግን ይንገሩኝ።»

አልነገርኳትም። በሚኒባስ ቆቃ ሄድኩ።

ሐይቁ ዳር ምልኬሳ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አገኘሁ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። የምፈልገውን ስነግረው መረቡን አስቀመጠ።

«ራቻ?» አለ በኦሮምኛ፣ በደንብ የሰማ እንዳልመሰለው። «እንቁራሪት ነው የሚሉት አባባ?»

«ትንንሾቹን። ቄጤማው ላይ የሚቀመጡትን።»

«አይበሉ፣ አይሸጡ። ምን ያደርጉልዎታል?»

«ለሰው ነው።»

«ይሄ ሰውዬ በጣም ነው ያስቀየመዎት» አለና ጓደኞቹን እያየ ሳቀ። ግን ጀልባውን ገፋልኝ።

ቄጤማው ውስጥ ገባን። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ዓይኔ ሲለምድ ግን በየቅጠሉ ላይ ተለጥፈው አየኋቸው። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላሉ። ጀርባቸው አረንጓዴ፣ በላዩ ቢጫ ሰረዝ፣ የእግራቸው ጣት ቀይ። ሰባ ስድስት ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ ፍጥረት በቅርብ አይቼ አላውቅም። አንድ በአንድ እያየሁ አምስት መረጥኩ። በጣም ያማሩትን።

ምልኬሳ አንድ ሌላ ይዞ ዘረጋልኝ። «ይሄስ?»

አመድ የመሰለ ነው፣ ሰረዝም የለው።

«አመዳም ነው። ጣለው» አልኩ።

ጣለው።

ቤት ስደርስ ሣጥኑን አሰናዳሁ። የታችኛውን ስንጥቅ በሲሊኮን ማጣበቂያ ደፈንኩ፤ በአንድ በኩል ጠጠርና አፈር፣ በሌላው ውኃ፣ መሐል ላይ ከነሥሩ ያመጣሁትን ቄጤማ ተከልኩ። ውኃው የዝናብ ነው፤ በባልዲ በረንዳ ላይ ያጠራቀምኩት። እንቁን እጇን ይዤ አመጣሁና መስታወቱን አስነካኋት።

«ምን አለበት?»

«አምስት እንቁራሪት።»

ጣቷ መስታወቱ ላይ ቆመ።

«ከእኔ ጋር ስድስት» አለች።

ቆቃ ተማሪ ቤት ሳለች ስሟን እያጣመሙ እንቁራሪት ይሏት እንደነበር አንዴ ነግራኛለች። ረስቼው ነበር። ደነገጥኩ፤ እሷ ግን ፊቷ አልከፋም።

«ምን ይመስላሉ?»

ነገርኳት። አረንጓዴውን፣ ቢጫውን፣ ቀዩን። ብዙ ነው የተናገርኩት፤ ለእኔ ብዙ።

«ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሣጥኑ አስጠግታ ማዳመጥ ጀመረች።

ምንም አልተሰማም። በማግስቱም። በሳምንቱም። ምግባቸው ትንኝ ነው፤ የበሰበሰ ፓፓያ ማሰሮ ውስጥ አድርጌ ትንኝ አረባሁ። ማሰሮውን ጠዋት ጠዋት ሣጥኑ ውስጥ ከፍቼ አስቀምጣለሁ፣ ይበላሉ። ይወፍራሉ፣ ያብረቀርቃሉ። ድምፅ ግን የለም። በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እንቁ እዚያ ትቀመጣለች፣ እኔ ከጎኗ። አንዳንዴ «ምናልባት ነገ» እላለሁ። «ምናልባት» ትላለች። እኔ ሳላስብ የገናን ቀን እቆጥራለሁ።

ጎረቤታችን ኑሰይባ አንኳኳች። የአንድ ፎቅ ሰዎች ነን።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ትንኝ ከእናንተ ቤት ነው የሚመጣው?»

ሣጥኑን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየች።

«ሱብሃነላህ። ቀለም የተቀቡ እኮ ነው የሚመስሉት» አለች። «በእኛ እንቁራሪት አይገደልም። ጩኸቷ ፈጣሪዋን ማመስገኗ ነው ይላሉ አባቴ።»

«የእኛዎቹ አያመሰግኑም» አለች እንቁ ከወንበሯ። «ተኳርፈዋል።»

ኑሰይባ ስትሄድ እንቁ ወደ እኔ ዞረች።

«እስቲ ልጠይቅዎት። ሁሉም ያማሩ ናቸው?»

«ሁሉም።»

«አመዳም የለበትም? አንድም?»

«አንድም። መርጬ ነው ያመጣሁት።»

ሳቀች። ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች።

«ሴት ሴቱን ለቅመው መጡ እኮ!» አለች። «ልጅ ሆነን እናውቀው ነበር። ያማረችው ሴቷ ናት፣ አትጮኽም። የሚጮኸው አመዳሙ ነው፣ ወንዱ።»

አፌን ይዤ ቀረሁ።

«ለዓይን መረጡ» አለች፣ አሁን ቀስ ብላ። «ለማን ዓይን?»

ተነስቼ ባርኔጣዬን ፈለግሁ።

«አሁን የት ነው?»

«ቆቃ።»

ምልኬሳ ሲያየኝ ከሩቅ ሳቀ። ጣለው ያልኩትን ልውሰድ ብዬ መምጣቴን ስነግረው ጭራሽ ከሳቁ ብዛት ተቀመጠ። «ተቀይሟል አባባ፣ አይመጣም» አለ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን። ያኔ ቄጤማው በሙሉ መጮኽ ጀመረ። በዓይን ሳይሆን በጆሮ ሄድን። ጩኸቱ የሚመጣበት ቅጠል ላይ ምልኬሳ የስልኩን መብራት ሲያበራ አንዲት አመዳም ነገር፣ ጉሮሮዋ እንደ ፊኛ ተነፍቶ። ይቅርታ፣ ጉሮሮው። ሦስት ያዝን።

ሁለት ቀን ዝም አሉ። ሦስተኛው ቀን ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንቁ ሻይዋን ይዛ ሳለ አንዱ ጮኸ። ጠርሙስ በማንኪያ ጫፍ ሲነካ ያለው ድምፅ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጠች። ሁለተኛው መለሰለት። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ልክ መሬቱ እንደሚናወጥበት ሰው ጫን አለችው።

«ዝናብ አለ?» አለች።

«የለም።»

«ይሁን።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሦስቱም ጮኹ። በዚህ ቤት ዝም የሚል ወንድ አንድ ቀረ» አለች።

ተነስቼ የፓፓያውን ማሰሮ ከደንኩ።

በማግስቱ ኑሰይባ መጥታ ባለቤቷ የሚጮኸው ባትሪ የጨረሰ ዕቃ መስሎት ቤቱን ሁሉ ሲፈትሽ እንዳመሸ ነገረችን። ከዚያ በኋላ የበሰበሰ ሙዝና ፓፓያ በር ላይ ታስቀምጥልን ጀመር።

መስከረም ሲያልቅ ውኃው ውስጥ በገባው የቄጤማ ግንድ ላይ የተጣበቀ ነገር አየሁ። ያልረጋ ሙጫ ይመስላል፣ ውስጡ ነጫጭ ነጠብጣብ። ቆጠርኩ፤ ሰማንያ ገደማ ነው።

«እንቁላል አለ» አልኳት።

«ልንካው?»

እጇን ይዤ አንዷን ጣቷን ብቻ አወረድኩ። ጫፉን ነካችና ወዲያው አነሳች። እጇ እጄ ውስጥ ቀረ። ቦምቦሊኖ ስትጠብስ ዘይት ያቃጠላት ጠባሳ አውራ ጣቷ ሥር አለ። ያንን ጠባሳ ከዚያ በፊት ነክቼው አላውቅም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ተፈለፈሉ። ጭራ ያላቸው ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። ትልልቆቹ እንዳይበሏቸው ወደ ባልዲ አዛወርኳቸው፤ የተቀቀለ የሰላጣ ቅጠል እሰጣቸዋለሁ። እንቁ ባልዲውን በጥፍሯ ትመታና በድምፁ ውኃው ምን ያህል እንደቀነሰ ትነግረኛለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ያ ሥራ የእሷ ሆነ። ጠዋት ሳልቀሰቅሳት መነሳት ጀመረች።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጡረታ ልቀበል ወጣሁ። ስመለስ ገና በር ላይ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያሸተትኩት ሽታ ነው። ጠፍቶ የሰነበተው ውኃ በአራተኛ ቀኑ መጥቶ ኖሯል፤ እንቁ ባልዲው ጎድሎ ስላገኘችው ከቧንቧ ቀድታ ሞልታዋለች። ጭራሞቹ ላይ ላይ ተንሳፍፈዋል። የሚንቀሳቀሱትን በማንኪያ እየለቀምኩ ወደ ዝናብ ውኃ አሻገርኩ። አሥራ አንድ ተረፉ።

ክሎሪን ይገድላቸዋል። የቧንቧ ውኃ ክዳኑ ተከፍቶ ሁለት ቀን ካልቆመ ለእነሱ መርዝ ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት በእጄ የመጠንኩት ነገር ነው። ለሚስቴ ግን አልነገርኳትም። ፓምፕ ቤት ምን ስሠራ እንደምውልም ነግሬአት አላውቅም።

«ምን ሆኑ?» አለች።

«ሞቱ። አሥራ አንድ አሉ።»

«እኔ ነኝ?»

አይደለሽም፣ እኔ ነኝ፣ ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ቁጣ አድርጋ ወሰደችው።

«ከሊዲ ጋር ብሄድ ይሻላል» አለች። «እዚህ ማበላሸት ነው ሥራዬ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ባልዲው አልቀረበችም። ማታ ግን አመዳሞቹ ሲጮኹ ከአልጋዋ ሆና ታዳምጣለች፤ በአተነፋፈሷ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አሥራ አንዱም እግር አወጡ፣ ጭራቸው ጠፋ፣ ግድግዳ መውጣት ጀመሩ። የምስር ፍሬ ያህላሉ። ወደ ሣጥኑ አስገባኋቸው። ግን ልቤ አልረካም። ሄጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሁሉም አመዳም ናቸው» አልኳት። «አንድም ያማረ የለም።»

መልስ የምትሰጠኝ አልመሰለኝም ነበር።

«ሕፃን ሆነው ሁሉም እንደዚያ ናቸው» አለች። «ሴቶቹ በኋላ ነው የሚለብሱት።»

«መቼ?»

«ሁለት ሦስት ወር።»

ሁለታችንም ቆጠርን። ገና አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሊዲ ለዋዜማው ሁለት ቀን ሲቀረው መጣች። በሩን እንደከፈተች ትንኝ አፏ ውስጥ ገባ።

«አባዬ! እማዬን ከእንቁራሪት ጋር ነው እንዴ የምታኖራት?»

«ስም እንጋራለን» አለች እናቷ።

ሊዲ ሣጥኑን አየች፣ ፓፓያውን አየች፣ አፍንጫዋን ያዘች። ክፉ ልጅ አይደለችም። በዓሉን ዶሮዋን እሷው ሠርታ አበላችን። ማታ ጩኸቱ ሲጀምር ስልኳን አውጥታ ቀዳችው። «አዲስ አበባ አሰማሻለሁ» አለቻት። እንቁ ራሷን ነቀነቀች። በስልክ መስማት እንደዚያው እንዳልሆነ ሊዲ አልገባትም፤ ለመናገርም የደፈረ የለም።

ጥር ሁለት ቀን ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ነበር። ባጃጅ ታች ቆሟል። እንቁ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ሣጥኑ ይውሰዱኝ አለች። ወሰድኳት። መስታወቱን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ትንኙን ጠዋት ነው የሚሰጧቸው፣ አይርሱ» አለችኝ። «የዝናብ ውኃው እንዳይጎድል ባልዲውን እየመቱ ይስሙ።»

«እሺ።»

«ሴቶቹ ሲለብሱ በስልክ ይንገሩኝ። የስንቱ ጣት ቀይ እንደሆነ።»

«እሺ።»

«እማዬ፣ ባጃጁ» አለች ሊዲ ሻንጣውን እያነሳች።

እንቁ እጇን ከመስታወቱ አነሳች። መስታወቱ ላይ የመዳፏ ላብ ቀርቶ አየሁት፤ ከዳር ጀምሮ ይደርቅ ነበር።

«ውኃው ክሎሪን ነበረበት» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥቅምት ላይ። የቧንቧው ውኃ። ሁለት ቀን ካልቆመ ይገድላል፤ አውቅ ነበር፤ አልነገርኩሽም። አንቺ አይደለሽም።» ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ቅሪ።»

«ምን አልክ አባዬ?» አለች ሊዲ።

«ለእናትሽ ነው። ቅሪ፣ እንቁ።»

ታች ባጃጁ ጥሩንባ ነፋ። እንቁ ዝም ብላ ቆመች። እንደዚያ ረጅም ዝምታ ከእኔ በቀር ከሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለች።

ነበርክ። ሊዲም ሰማችው። እኔን አየችኝ፣ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ ሻንጣውን መሬት አስቀምጣ ባጃጁን ልታሰናብት ደረጃውን ወረደች።

እንቁ ነጠላዋን አወለቀችና ወንበሯን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ትንኙን አምጣ» አለችኝ። «አልበሉም እኮ።»